የሉሉ ቁጥር

ባለፈው ሳምንት አንድ ጠዋት ቢሮ ገብቼ ኮምፒዩተሬን ስከፍት፣ የታሪፍ መጽሐፉ እንደገና ሊለወጥ መሆኑን የሚያበስር ኢሜይል ጠበቀኝ። «የሚያበስር» ያልኩት እኔ ነኝ፤ ባልደረቦቼ እንደ መርዶ ነው የተቀበሉት። አንዱ ኮቱን እንኳ ሳያወልቅ ወንበሩ ላይ ተዘርፍጦ «አሁን ገና በለመድነው!» እያለ ሲያማርር፣ ሌላዋ የደንበኞቿን ስም በጣቶቿ እየቆጠረች የማን ዕቃ እንደሚነካ ታሰላ ጀመር። እኔ ሳቄ መጣ። በጉምሩክ አስተላላፊነት ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ፤ በሥራዬም ማንንም አልፈራም። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም፤ እሺ፣ ትንሽ ለጉራም ነው። ያሳቀኝ ግን ጁባ ትዝ ብላኝ ነው።

ነገሩን ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። ከአገር አገር የሚሻገር ዕቃ ሁሉ ቁጥር አለው፤ ቡናው፣ ቆዳው፣ ጫማው፣ የሕፃን አሻንጉሊቱ ሳይቀር። ድንበር ላይ ያለው ሰው ጭነትህን ከማየቱ በፊት ቁጥርህን ነው የሚያየው። ቀረጡም፣ የሚጠየቀው ፈቃድም፣ የምትቆምበት ሰልፍም በዚያ ቁጥር ይወሰናል። ታዲያ ዓለም ባለችበት አትረጋምና መጽሐፉ በየጥቂት ዓመቱ ይከለሳል። አንዳንዱ ቁጥር ይሰረዛል፣ አንዳንዱ ለሁለት ይከፈላል። ከሁሉ የሚከፋው ቁጥሩ እንዳለ ቀርቶ ትርጉሙ የሚቀየርበት ጊዜ ነው፤ የድሮ ጎረቤትህን በር አንኳኩተህ የማታውቀው ሰው እንደሚከፍትልህ ማለት ነው። ላኪ የሚባል ሰው እንቅልፍ የሚያጣው በዚህ ነው።

እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር 2018 ሲገባ እኔ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። በአካውንቲንግ ዲፕሎማዬ አዲስ አበባ ውስጥ ሥራ ፈልጌ ሲሰለቸኝ፣ ጁባ የነበረ አጎቴን ተከትዬ ሄድኩ። የምሠራው ካስተም በሚባለው ገበያ ጫፍ ላይ፣ ከኡጋንዳ የመጡ ከባድ መኪኖች ዱቄትና ሳሙና በሚያራግፉበት አቧራ መሃል፣ ኮንቴነር ተቆርጦ መስኮት በወጣለት ቢሮ ውስጥ ነበር። አለቃዬ ኡጋንዳዊ ነው፤ ከወሩ ግማሹን ካምፓላ ስለሚያሳልፍ ቢሮውን የማዘው እኔ ነበርኩ። ከሰዓት በኋላ ቆርቆሮው ሲግል እጄን ጠረጴዛው ላይ ማሳረፍ አልችልም ነበር። ከውጭ ቦዳ የሚባለው የኪራይ ሞተር ጩኸት፣ የሽንኩርት ሽታ፣ በጁባ ዐረብኛ የሚከራከሩ ተሸካሚዎች። እወደው ነበር።

ቁጥር በቃሌ እይዝ ነበር። ማካሮኒ በሉኝ፣ ሚስማር በሉኝ፣ ቢራ በሉኝ፤ ስምንቱንም አሃዝ ሳልተነፍስ እወርደዋለሁ። ሾፌሮቹ ለመሳቅ ሲፈልጉ ከመኪናቸው ላይ ሆነው «ሰናይት! የጎማ ጫማ!» ብለው ይጮሃሉ፣ እኔም በመስኮት ቁጥሩን እመልስላቸዋለሁ። ሌላም የሥራ ዘዴ ነበረን፤ ካስተም ውስጥ ያልተጠቀመበት አስተላላፊ አላውቅም። ደንበኛ ሲመጣ አዲስ ዲክላራሲዮን፣ የዕቃ መግለጫ ቅጽ ማለት ነው፣ ከባዶ አንሞላም። ካለፈው ጭነት ፋይል ላይ ቀኑን፣ ክብደቱንና የመኪናውን ታርጋ ብቻ እንቀይራለን። የአምስት ደቂቃ ሥራ ናት። ከሁሉም ፈጥኜ ስጨርስ ደግሞ እንዴት እንደምኮራ! ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚለውን ተረት እናቴ አሥር ጊዜ ብትነግረኝም ለሌላ ሰው የተባለ ይመስለኝ ነበር።

ከደንበኞቼ ሁሉ የምቀርባቸው እትዬ ዘነበች ነበሩ። ቡሉክ በሚባለው የጁባ ሰፈር ምግብ ቤት አላቸው። ሰፊ፣ ንጹሕ፣ ሁልጊዜ ሰው የማይጠፋበት ቤት ነው። በጾም ወቅት ከናይል የወጣ ዓሣ ይጠብሱና ግማሹ ደንበኛ «ዓሣማ ጾም ይፈታል» እያለ ወደ ሱፍ ፍትፍት ሲሸሽ፣ ግማሹ እየበላ ይከራከረዋል። እሳቸው አይበሉም፤ ለሚበላው ግን ሎሚውን ራሳቸው ቆርጠው ያቀርባሉ። እኔ ጴንጤ ስለሆንኩ «አንቺስ ያለብሽ የለም፣ ብይ» እያሉ ትልቁን ቁራጭ ያወጡልኛል። ከተቀመጡበት ብድግ ሲሉ ወንበሩ ሳይሆን ቤቱ በሙሉ የሚነሣ ይመስላል፤ ሲቆጡ ድምፃቸው ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም።

እትዬ ዘነበችን ላኪ ያደረጋቸው የእጃቸው መሰንጠቅ ነው። ዕቃ ሲያጥቡ ውለው እጃቸው ሲደማ፣ ዓሣ የምታመጣላቸው አቡክ በጨርቅ የተቋጠረ ነጭ ቅባት ሰጠቻቸው። ሉሉ ይባላል። በደቡብ ሱዳን ገጠር ከሚበቅል ዛፍ ፍሬ የሚወጣ ቅባት ነው፤ አገሬው ይበላዋልም፣ ይቀባዋልም። በሳምንት ውስጥ እጃቸው ዳነ። እሳቸው ደግሞ ነጋዴ ናቸው፤ ከመዳናቸው ይልቅ ማን ይገዛው ይሆን የሚለው አሳሰባቸው። ካምፓላ ውስጥ ሳሙና የሚሠራ ሰው አገኙ። በአውቶቡስ ሁለት ጄሪካን፣ ከዚያ አምስት ሲልኩለት ቆዩ። የኡጋንዳም ሰሜን ሉሉ አለው፣ ሰውየው ግን የአቡክን ንጣት የሚያህል አላየሁም አለ። በመጨረሻ «አንድ ሙሉ መኪና ላኩልኝ» ሲል እትዬ ዘነበች ምግብ ቤቱ መሃል ቆመው እልል አሉ።

አቡክ ዲንካ ናት፤ ያኔ ወደ ሃምሳ ትጠጋ ነበር። ልጅነቷን ጋምቤላ፣ ጉርምስናዋን አዲስ አበባ ያሳለፈች፣ ሰላም ሲሆን ወደ አገሯ የተመለሰች ሴት ናት። መጀመሪያ ስንተዋወቅ በትልቅነቷ አክብሬ «እርስዎ» ስላት «እኔ ብቻዬን ነኝ፣ አንቺ በይኝ» ብላ አስቃኛለች። «ጁባ ና ባሪ» በሚባለው ሰፈር ባለው ግቢዋ ሌሎች ሴቶችን ሰብስባ ሉሉውን የምታወጣው እሷ ናት። ፍሬውን የሚለቅሙት ደግሞ በመንደሯ የቀሩ ዘመዶቿ ናቸው። ለዚያ ለሙሉ መኪና ሲባል ሴቶቹ ከሌላ ሥራ ሁሉ ተለያይተው ከወር በላይ ሠርተዋል። እኔ ያን ግቢ ረግጬው አላውቅም ነበር። ወረቀት እንጂ ቅባት ምን ያደርግልኛል?

ወረቀቱን በተለመደው መንገድ ሠራሁት። ባለፈው አምስት ጄሪካን የተላከበትን ፋይል አነሣሁ፣ ቀኑን ቀየርኩ፣ ክብደቱን ቀየርኩ፣ ታርጋውን ቀየርኩ። ጎረቤት አገሮች የሚጠቀሙበት የታሪፍ መጽሐፍ እንደተለወጠ ማስታወቂያ ደርሶኝ እንደነበር መካድ አልችልም። ከወራት በፊት ነው የመጣው፤ አትሜ መሳቢያ ውስጥ ከትቼዋለሁ፣ «ረጋ ስል አነበዋለሁ» ብዬ። ድንበሩ ለጥቂት ጊዜ አሮጌውንም አዲሱንም ይቀበል ስለነበር ቸልታዬ ሳይነቃብኝ ከረመ። መኪናው ሰኞ ጠዋት ወጣ። የበጋው ሙቀት ጫፍ የደረሰበት ሰሞን ነው፤ ዐቢይ ጾም ገብቷል።

ማክሰኞ ሾፌሩ ከድንበር ከተማዋ ከኒሙሌ ማዶ፣ ከኡጋንዳው ጉምሩክ ግቢ ደወለ። ወረቀቴ ተመልሷል፤ መኪናው ፀሐይ ላይ ቆሟል። ያን ጊዜ ነው መሳቢያዬን ከፍቼ ማስታወቂያውን ያነበብኩት። በቀድሞው መጽሐፍ ሉሉ ስም አልነበረውም፤ ከሌሎች የአትክልት ቅባቶች ጋር በአንድ መስመር ተጨፍልቆ ነበር የሚያልፈው። አዲሱ መጽሐፍ ያንን መስመር ለሁለት ከፍሎታል፦ ጥሬው ቅባት አዲስ ቁጥር ተሰጥቶታል፣ አሮጌው ቁጥር ደግሞ በፋብሪካ ተጣርቶ ለነጣው ቅባት ቀርቷል። እኔ እንግዲህ በራሴ እጅ የአቡክን ሉሉ የፋብሪካ ምርት አድርጌዋለሁ። ለፋብሪካ ምርት ከፍ ያለ ቀረጥ አለ፣ የላቦራቶሪ ምስክር ወረቀትም ይጠየቃል። ያንን ወረቀት የሚሰጥ ላቦራቶሪ ጁባ ውስጥ አላውቅም።

ሳሙና ሠሪው ሥራውን የሚጀምረው ዓርብ ነው። እስከዚያ ካልደረሰለት በሰሜን ኡጋንዳ ካሉት ነጋዴዎች እንደሚገዛ፣ ከእነሱም ጋር እንደሚቀር በግልጽ ተናግሯል። ሉሉ ደግሞ ሙቀት አይችልም። ቀልጦ እንደገና ሲረጋ አሸዋ አሸዋ ይላል፤ ያን ጊዜ ማንም አይፈልገውም። የስንት ሴት ድካም በዚያ መኪና ላይ ነበር።

ቡሉክ የሄድኩት በቦዳ ነው። እትዬ ዘነበች ተልባ እየመቱ ነበር። የሆነውን ስነግራቸው እጃቸውን ጠረጉና ዝቅ ባለ ድምፅ «ጥፋቱ የማን ነው?» አሉኝ።

«ድንበር ላይ ያሉት ናቸው» አልኩ። «አዲስ ሕግ አውጥተው፣ በቅጡ ሳይነግሩን።»

እንዲህ ስል ዓይናቸውን አይቼ ነው። ዛሬም ሳስበው ፊቴ ይግላል። ውሸት አይደለም ለማለት ያህል እውነት ነበረበት፤ እንዲህ ያለው ውሸት ነው የሚብሰው።

«ታስተካክይዋለሽ?»

«ነገ ሄጄ አስተካክለዋለሁ። አንድ ቁጥር መቀየር ብቻ ነው።»

«አቡክን ይዘሻት ሂጂ።»

«እትዬ፣ ማማ አቡክ ምን ታደርግልኛለች? የቢሮ ጉዳይ እኮ ነው።»

«ዕቃው የማን ነው?» አሉ፤ ተልባቸውንም ቀጠሉ።

ረቡዕ ጎህ ሲቀድ ወጣን። ያን ጊዜ መንገዱ አያስተማምንም ነበርና መኪኖች ከከተማው መውጫ ላይ ተጠባብቀው አብረው ነው የሚሄዱት። የተሳፈርነው ሚኒባስ ውስጥ ከፊታችን አንድ ሰው ሁለት ዶሮ ይዟል፤ ከኋላችን የደረቀ ዓሣ። ሣሩ ተቃጥሎ መሬቱ ጠቁሯል። በየመንገዱ ዳር ከሰል በጆንያ ተደርድሮ ሻጩ የለም፤ ከዛፍ ጥላ ሥር ሆኖ ይጠብቃል። አቡክ ከቦርሳዋ የተቆላ ለውዝ አውጥታ መዳፌ ላይ ዘረገፈችልኝ። ብዙ አታወራም። እኔ ነኝ ስለ ሲስተሙ፣ ስለ ኮዱ፣ መኮንኑን እንዴት እንደማናግረው ስደሰኩር የነበርኩት። ግማሽ መንገድ ላይ ድንገት ዞረችልኝ።

«ቁጥሩን ማን ጻፈ?»

«እኔ» አልኩ። ለእሷ መዋሸት አልቻልኩም፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም።

«ሉሉ ሲሠራ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«አላየሁም።»

«ግቢዬ ከቢሮሽ በቦዳ አሥር ደቂቃ ነው» አለችና ለውዟን መፈልፈል ቀጠለች። ቁጣ የለውም፣ ወቀሳም የለውም፤ ርቀቱን ነው የነገረችኝ።

ድንበሩን የተሻገርነው ፀሐይዋ አናት ላይ ልትደርስ ስትል ነው። መኪናችን ከግቢው አጥር ሥር ቆሟል፤ ሾፌሩ ሸራውን በውሃ እያራሰ ነበር፣ እግዜር ይስጠው። አቡክ ወጥታ ጄሪካኖቹን አንድ በአንድ በመዳፏ ዳሰሰች። ከላይ የተደረደሩት ለስልሰዋል። «ከሥር ያሉት ኩዌስ ናቸው» አለች፣ ደህና ናቸው ማለቷ ነው። «ዛሬ ካለፉ።»

መኮንኑ መነጽር ያደረገ፣ ሸሚዙ የተተኮሰ፣ የተናገረውን የማይደግም ሰው ነበር። አዲሱን መጽሐፍ ገልጦ ይጠብቀኛል። ትከሻዬን ነፋ አድርጌ ገባሁ። የቁጥር ስህተት እንደሆነ፣ ጭነቱ ጥሬ ቅባት እንደሆነ፣ ማስተካከያ ፎርም ይዤ እንደመጣሁ ባማረ እንግሊዝኛ አስረዳሁት። እስክጨርስ ሰማኝ። ከዚያ ከመኪናው የተወሰደ ናሙና በብርጭቆ አወጣ።

«ይህ ጥሬ ነው?»

«አዎ።»

«ጥሬ ሉሉ አውቃለሁ። ቢጫ ነው፣ ይሸታል። ይህ እንደ ወተት የነጣ ነው። መጀመሪያ የጻፍሽው ቁጥር ትክክል ይመስለኛል፤ አሁን ነው ቀረጥ ለመሸሽ የምትቀይሪው። በምንድን ነው ያነጣችሁት?»

የማካሮኒን ቁጥር በቃሌ የምወርድ ሴት፣ የራሴ ደንበኛ ዕቃ በምን እንደነጣ አላውቅም። «አላነጣነውም» ልል እችላለሁ፤ ግን አንጥተውት እንደሆነም አላውቅማ! መኮንኑ ሐቀኛ ሰው ነው፣ ጥያቄውም ተገቢ ነው፤ ለዚያ ነው የበለጠ ያሳፈረኝ። ዞር አልኩና ከበሩ ውጭ አግዳሚ ላይ የተቀመጠችውን አቡክን ጠራኋት።

ገብታ ብርጭቆውን አየችው። የጠየቀውን ስተረጉምላት ሳቀች። እንዲህ አለች፦ «ንገሪው፤ ያነጣው ውሃ ነው። ውሃና እጅ። ይምጣ ላሳየው።»

ከግቢው በር አጠገብ ጥፍጥፍ ቂጣ በእንቁላል እየጠቀለለ የሚሸጥ ሰው ነበር። አቡክ ትንሹን መጥበሻውን ለመነችው፤ ሰውየው መጀመሪያ አመነታ፣ ከዚያ መኮንኑን ከኋላዋ ሲያይ ፈጥኖ ሰጣት። ከናሙናው አንድ ማንኪያ ከሰሉ ላይ አቀለጠች። ለአፍታ ምንም አልሆነም። ቀጥሎ አረፋ አረፋ አለ፣ አንድ ሽታ ተነሣ፤ እንደ ተቆላ ለውዝ ያለ፣ ትንሽ ጭስ ጭስ የሚል። አቡክ መጥበሻውን ዘንበል አድርጋ ከሥሩ የተቀመጠውን ቡናማ ደቃቅ አተላ በጣቷ አሳየችው። «ፋብሪካ ይሄን ያወጣል። ሽታውንም ይገድላል። እኔ ፋብሪካ ማፊ። የለኝም» አለች።

መኮንኑ ጎንበስ ብሎ አሸተተ፣ መነጽሩን ጠረገ፣ እንደገና አየ። «ጥሩ» አለ። «እኔ አምኛለሁ። ፋይሉ ግን በአፍንጫዬ አያምንም። እንዴት እንደሚሠራ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ጻፉልኝ፣ የሠራችው ትፈርምበት። ግቢው ሳይዘጋ ካመጣችሁ ቁጥሩን አሻሽላለሁ።»

አግዳሚው ላይ ተቀመጥን። መጀመሪያ በአማርኛ ልያዘውና በኋላ ወደ እንግሊዝኛ ልገልብጠው ብዬ ደብተር አወጣሁ። አቡክ ነገረችኝ፣ ጻፍኩ። ፍሬው ከወደቀ በኋላ እንጂ ከዛፉ እንደማይቀጠፍ። ብዙ ሰው እሳት ላይ እንደሚያምሰው፣ እሷ ግን በፀሐይ ብቻ እንደምታደርቀው። ከተፈለፈለ በኋላ የጠቆረ አንድ ፍሬ እንኳ እንዳይቀር ሴቶቹ አንድ በአንድ እንደሚለቅሙት። ተወቅጦ፣ ተፈጭቶ፣ በውሃ በእጅ እየታሸ ሲመታ አረፋው ነጭ ሆኖ እንደሚወጣ። ከዚያ መታጠብ፣ መፍላት፣ በጨርቅ መጥለል። እሷ ስትናገር እጆቿ አየር ላይ ይሠሩ ነበር። እኔ እንደ ልማዴ እያሳጠርኩ ወረወርኩት፣ አንድ ገጽም አልሞላሁ።

«ስጪኝ» አለች።

ደብተሩን ስታነሣ ለምን እንደሆነ አልገባኝም። ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች አነበበችው፤ አማርኛዬን፣ በዚያ በሚሮጥ እጅ ጽሑፌ የተጻፈውን፣ ቃል በቃል። ማንበብ የምትችል መሆኗን ጠይቄያት አላውቅም ነበር። እንደማትችል ወስኜ ነው የኖርኩት።

«እዚህ ጋ ‹ይታጠባል› ብለሻል። ስንት ጊዜ?»

«አላልሽኝም።»

«አልጠየቅሽኝም። ውሃው እንደገባ ጠርቶ እስኪወጣ ድረስ። ሌሎቹ ሁለቴ አጥበው ይተዋሉ። ቢጫ የሚሆነው ለዚያ ነው። የኔ ነጭ የሆነው ለዚያ ነው። ይሄን ዘልለሽ ምኑን ጻፍሽው?»

አዲስ ገጽ ገለጥኩ። በዚያን ቀን በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳልቸኩል ጻፍኩ። በየመስመሩ ጠየቅኋት፤ በየትኛው ውሃ፣ በምን ዓይነት ጨርቅ፣ ለምን ያህል ጊዜ። እያላበኝ ወደ እንግሊዝኛ ገለበጥኩት። ሦስት ገጽ ወጣው። ከሥሩ አቡክ ስሟን በፊደላችን፣ በክብ ክብ ደንበኛ የትምህርት ቤት ጽሑፍ ጻፈች። መኮንኑ ፊርማውን አገላብጦ አየና «ይህ የማን ፊደል ነው?» ሲል «የእኛ ነው» አልኩት። አቡክ ቀና ብላ አየችኝ፤ አላረመችኝም።

ሦስቱንም ገጽ ሳይዘል አነበበ። ከዚያ አሮጌውን ቁጥር ሰርዞ አዲሱን ጻፈ፣ ማኅተሙን አሳረፈ። ግቢው ሊዘጋ ግማሽ ሰዓት ሲቀረው መኪናችን ወጣ። እኔና አቡክ ከዚያ ቂጣ ሻጭ እየገዛን፣ ዘይቱ በክርናችን እየወረደ፣ ቆመን በላን። እንደዚያ የጣፈጠኝ ምግብ ብዙ የለም።

ጭነቱ ሐሙስ ማታ ካምፓላ ደረሰ። ከላይ የነበሩት ጥቂት ጄሪካኖች አሸዋ አሸዋ ብለው ስለነበር ሳሙና ሠሪው ለይቶ መለሳቸው። የቀረውን ተቀበለ፣ ለሚቀጥለውም አዘዘ። ድንበሩ ባይይዘን ኖሮ እነዚያም ባልተበላሹ ነበር እል ይሆናል፤ ግን ድንበሩ አይደለም ያበላሻቸው።

ቅዳሜ እትዬ ዘነበች ቤት ስገባ ጠረጴዛው ተዘጋጅቶ ጠበቀኝ። ትልቁ ዓሣ፣ ሎሚው፣ ቃሪያው። ምግብ ቤቱን ለሞላው ሰው «ይቺ ልጅ ባትኖር ጉድ ሆኜ ነበር፤ እነዚያ የድንበር ሰዎች ያበላሹትን ሄዳ ያስተካከለች እሷ ናት» ብለው አስጨበጨቡልኝ። አቡክም አንድ ጥግ ተቀምጣ አብራ አጨበጨበች። ያኔ ነው የገባኝ፤ ምንም አልነገረቻቸውም። ዝም ብል ጀግና ሆኜ እቀር ነበር። ያነሣሁትን ጉርሻ መልሼ አስቀመጥኩ።

«እትዬ፣ የድንበር ሰዎች አላጠፉም» አልኩ። «ማስታወቂያው ከወራት በፊት ደርሶኝ ነበር። ሳላነበው ነው አሮጌውን ወረቀት የገለበጥኩት። የተበላሹትን ጄሪካኖች ያበላሸሁት እኔ ነኝ። የዋሸሁዎትም እኔ ነኝ።»

እትዬ ዘነበች ጠረጴዛዬ ድረስ መጡ። ደንበኛነታቸውን ሊያቋርጡ ነው ብዬ አሰብኩ፤ እንዲያውም ቢያቋርጡ ደስ የሚለኝ ይመስለኝ ነበር። እሳቸው ግን ሳህኑን በጣታቸው ወደ እኔ ገፋ አደረጉት።

«ብይ» አሉ፣ ዝቅ ባለው ድምፃቸው። «ከእንግዲህ ግን ያላየሽውን አትጻፊልኝ።»

በሚቀጥለው ቅዳሜ ጁባ ና ባሪ፣ አቡክ ግቢ ሄድኩ። ክንዴን እስከ ክርኔ ሊጥ ውስጥ ከትቼ ሉሉ መታሁ። ከሴቶቹ ሁሉ ደካማዋ እኔ ነበርኩ፤ በአሥር ደቂቃ ትከሻዬ ተገነጠለ። የታጠበበትን ውሃ ስደፋ አቡክ ትመጣና «ገና ነው» ትለኛለች፣ እንደገና አጥባለሁ። ጁባን እስክለቅ ድረስ ብዙ ቅዳሜ እንደዚያ ሆነ። በእነዚያ ዓመታት የማውቃቸው ቁጥሮች ሁሉ ዛሬ ተለውጠዋል፤ አንዱንም ብጠራው አይሠራልኝም። የተማርኩት ግን አልተለወጠም። መጽሐፉ በተቀየረ ቁጥር እኔን የማያስደነግጠኝ ቁጥሩን ስለማውቅ አይደለም፤ ዕቃውን ስለማውቅ ነው። ዕቃውን ያወቀ ሰው የትም መስመር ላይ ቢጥሉት ፈልጎ ያገኘዋል።

ኢሜይሉን አንብቤ እንደጨረስኩ መጀመሪያ የደወልኩት ለአንድ የቦንጋ ደንበኛዬ ነው። ኮረሪማ ይልካል። በአዲሱ መጽሐፍ ሙሉው ፍሬና የተፈጨው የተለያየ ቁጥር አላቸው፤ እሱ ደግሞ በቅርቡ አዲስ መፈልፈያ ማስገባቱን ሰምቼ ነበር። ፍሬውን ሙሉ ይተወው ይሰባብረው ግን አላየሁም።

«መቼ ነው የምትፈለፍሉት? ልመጣ ነው» አልኩት።

ሳቀብኝ። «እመቤቴ፣ የድሮውን ቁጥር አታደርጊውም እንዴ? ለአንዲት ቁጥር ብለሽ ቦንጋ ድረስ?»

«ለአንዲት ቁጥር ብዬ ከጁባ ኒሙሌ ሄጄ አውቃለሁ» አልኩት። «ያኔ ግን የሄድኩት መኪናው ከቆመ በኋላ ነው።»